መድኃኒት ቀማሚው ወታደር

ለዛሬ አዘጋጅቼው የነበረው ስለ እህል ጎተራና ስለ ነቀዝ ነበር፤ እሱን ለሌላ ሳምንት አቆይቼዋለሁ። ምክንያቱም ባለፈው ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዬ ቀርበው ባነሡት ጕዳይ ልቤ ስለ ተያዘ ነው። ጕዳዩም የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን፥ ልጁን አስተምሮ ለወግ ለማዕርግ ያበቃ ወላጅ ሁሉ የሚያገኘው ይመስለኛል።

ሰዓቱ ወደ ቀትር የተጠጋ ነበር። በአዋሽ ከተማ ፀሓይ በቆርቆሮው ላይ ስትነድ ባለጕዳይ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወደ ግንቡ ሥር ስለሚሸሽ፥ የመዝገብ ቤቱ በር ያን ጊዜ ባዶ ይሆናል። እኚህ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በእጃቸው አንዲት ትንሽ ዘንቢል አንጠልጥለው ገቡና፥ «ልጄ፥ ክስ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«በማን ላይ ነው፥ እማማ?» ብላቸው፥

«በልጄ ላይ» አሉ።

ነገሩን ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው፥ ልጃቸው መድኃኒት ቀማሚ ነው። ዕድሜው 34 ዓመት ሲሆን፥ በሰመራ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን ግን ሥራውን ትቶ በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ለማገልገል ስሙን አስመዝግቧል። እናትየው የሚፈልጉት ፍርድ ቤቱ እንዲያግደው ነው። «ያስተማርሁት ሰው እንዲያድን ነው እንጂ ሰው እንዲገድል አይደለም» አሉኝ።

18 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ላይ ራሱ አዛዥ መሆኑን፥ እናት በልጇ ላይ እንዲህ ያለ እግድ ለማግኘት እንደማትችል ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ወዲያውም ዘንቢላቸውን ከፍተው አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ አሳዩኝ። የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸውንም የሚልክላቸው ይኸው ልጅ ነው። በአዋሽም መድኃኒቱ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከአንድ ስፍራ የገዙት፥ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሳይሠራ የሰነበተ ኖሮ፥ ሕመማቸው ስለ ጠናባቸው፥ ከዚያ ወዲህ ከልጃቸው እጅ ያልወጣውን አያምኑም። እንግዲህ ክሱ የእናት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ሕይወታቸውም አለበት።

እኔም ክስ መጻፉን ትቼ፥ ቡና እስኪመጣ ድረስ አንድ ታሪክ አጫወትኋቸው። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። (ዓመታቱን በኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ የሰውየው መጻሕፍት የታተሙት በዚያ አቈጣጠር ስለ ሆነ ነው።)

በ1908 ዓመት አንድ የሩቅ አገር ሰው ወደ አዲስ አበባ መጣ። ስሙ በአገሩ ቋንቋ ሜራቢሽቪሊ ሲሆን፥ በፈረንሳይኛ በጻፋቸው መጻሕፍቱ ላይ አሳጥሮ ዶክተር ሜራብ ይባላል። የተወለደው በ1876 በጆርጂያ ምድር ነው። ጆርጂያ በካውካስ ተራራ ሥር ያለች፥ እንደ እኛው ከጥንት ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለች አገር ስትሆን፥ በዚያን ዘመን በመስኮብ ንጉሥ ግዛት ሥር ነበረች። ልጁ በቁስጥንጥንያ ተምሮ፥ ሕክምናን ደግሞ በፓሪስ አጥንቶ፥ ከሁሉም አገር ይልቅ የራቀውን አገራችንን መረጠ።

በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መምጣት እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ዕቃውን በበቅሎና በግመል አስጭኖ፥ ሌሊት እየተጓዘ ቀን እየሰፈረ፥ የአዋሽን ወንዝ መሻገር ነበረበት። ይህን ያልሁት ለጌጥ አይደለም። የመድኃኒት ጠርሙስ በግመል ጐን ተንጠልጥሎ በዚህ በረሓ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የአዋሽ ሰው ያውቀዋል። ቡሹ ይፈነቀላል፥ ቅባቱ ይቀልጣል፥ ዱቄቱ ከላብ ጋራ ተቦክቶ ይጋገራል።

ያ ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ የሕመም ዘመን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በተደጋጋሚ በደረሰባቸው የአንጎል ሕመም ሰውነታቸው እየደከመ ስለ ሄደ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞች በግቢው ይመላለሱ ነበር። ከእነርሱም መካከል ከጓድሉፕ ደሴት የመጣው ጥቁሩ ሐኪም ዶክተር ቪታልየን ይገኛል። ከዚያ ቀደም ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጡት የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሆስፒታል አቁመው እስከ 1906 ድረስ ሕዝቡን አክመዋል። ሐኪም ወርቅነህም በመቅደላ በ1868 በልጅነቱ ተወስዶ፥ በሕንድ አድጎ ሐኪም ከሆነ በኋላ አገሩን ፈልጎ መጥቶ ነበር። ስለ ሐኪም ወርቅነህ ብቻ አንድ ሙሉ ዐምድ ይበቃው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁና ለዛሬ ይቆየን።

ሐኪም ነበረ፤ መድኃኒት ቤት ግን አልነበረም። ሜራብ ይህን ተመለከተና በ1910 በአራዳ «ጆርጂያ» የሚል ስም የሰጠውን መድኃኒት ቤት ከፈተ። በአገራችን የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ይኸው ነው ይባላል። በአቅራቢያው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ፥ ስሙን የሰማ ሰው ለታቦቱ የተሰየመ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቀማሚው ግን ያሰበው አገሩን ነበር። በዓለም ካርታ ላይ እንደ አገር የማትቈጠረዋን አገሩን በአዲስ አበባ በር ላይ ጻፋት። እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይነካል።

ሜራብ መድኃኒት ሻጭ ብቻ አልነበረም፤ ጠያቂም ነበር። በ1912 ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። የኛን ሰው መድኃኒት ሳይንቅ መመርመር በዚያን ዘመን ከነበሩ ፈረንጆች ብዙዎች የማያደርጉት ነገር ነው። እርግጥ በጻፋቸው ውስጥ የሚያስቀይም ቃል አይጠፋም፤ እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ ጭሱን ብቻ ያያል። ይሁን እንጂ የጻፈው ባይኖር ስለዚያ ዘመን አዲስ አበባ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር በጠፋ ነበር።

ስለ አገር መድኃኒት ካነሣን ኮሶን አለማንሣት አይቻልም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚበሉ በሆዳቸው ለሚፈጠረው ትል በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የዚህ ዛፍ አበባ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መሸጥ ከጀመረ ከሜራብ በፊት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያሳወቀውም በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ለተወሰነ ጊዜም ዛፉ በእሱ ስም ሲጠራ ኖሯል። እንግዲህ ሜራብ በተማረባት ከተማ የኛ ኮሶ ከእሱ በፊት ገብቶ ነበር ማለት ነው። የቤት እመቤቶች ግን ይህን ልብ ይበሉ፤ ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዐይንን ይጐዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ከቶ ልትጠጣው አይገባትም፥ ፅንስ ያስወርዳልና። ዛሬ ለዚህ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል ስላለ፥ ማንም ሰው በኮሶ ሆዱን ማንገላታት የለበትም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1913 ታኅሣሥ ወር ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት በ1914 ነሐሴ የኤውሮፓ ታላቁ ጦርነት ተነሣ። ኢትዮጵያ ከማንም ወገን ሳትሆን ቀረች። ሜራብ የ38 ዓመት ሰው ነበር፤ ሥራ የያዘ፥ ስም ያወጣ፥ የቤቱ በር ላይ ደንበኛ የሚጠብቀው። በአዲስ አበባ ቢቀመጥ ማንም «ለምን?» የሚለው አልነበረም። እሱ ግን የፈረንሳይን ጦር በፈቃዱ ሊያገለግል ወሰነ። ባቡሩ ገና አዲስ አበባ ስላልገባ፥ ከከተማው ሲወጣ የመንገዱ መጀመሪያ የመጣበት የበቅሎ መንገድ ነበር።

እናትየው እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «አገሩ ጆርጂያ ከሆነ፥ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ከሆነ፥ የፈረንሳይ ጦር ምኑ ነው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ የመለስሁላቸው፥ ሰው ሦስት ዓይነት አገር ሊኖረው ይችላል ብዬ ነው፤ የተወለደበት፥ የተማረበትና እንጀራ የበላበት። ከሦስቱ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱ ሰላም ቢሆኑም ልብ አያርፍም። የኔው የቤተ ክህነት መምህሬ ጎጃም ተወልደው፥ ቅኔ ጎንደር ቈጥረው፥ በወሎ አስተምረው ነበር፤ «አገርዎ የት ነው?» ሲባሉ ይሥቁ ነበር።

«መድኃኒት ትቶ ጠመንጃ ያዘ?» አሉኝ ደግሞ።

ይህ ነጥብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በሠራዊት ውስጥ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ የወታደር ልብስ ቢለብስም፥ በ1864 በጄኔቭ በተደረገው ስምምነት መሠረት ልዩ ሰው ሆኖ ይቈጠራል። ጠላት እንኳ ሊተኵስበት አይገባውም። እሱም መሣሪያ ቢይዝ ራሱንና ቁስለኞቹን ለመጠበቅ ብቻ ነው። የወደቀውን ሲያነሣም ወገንና ጠላት ብሎ መለየት የለበትም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ እናትየው «ሰው እንዲገድል አይደለም» ያሉት ቃል ከልጃቸው ሥራ ጋራ አይጣላም።

ነገር ግን ለእናት እውነቱን ሸፍኖ ማጽናናት አይገባም። ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በሜዳ ላይ ሁልጊዜ አይከበርም። በእኛው አገር ኢጣልያ በወረረን ጊዜ፥ በ1935 ታኅሣሥ 30 ቀን፥ በደቡብ በኩል በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከነምልክቱ በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ ብዙ ቁስለኞች ዐልቀዋል። እንግሊዛዊው ዶክተር ሜሊም ቁስለኛ ሲያነሣ ኖሮ፥ በ1936 ግንቦት ወር በአዲስ አበባ በዝርፊያው ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ይህን ለእናትየው አልደበቅሁባቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላለቀሱም።

ያ የኤውሮፓ ጦርነት ለሕክምና ያስገኘው አንድ ነገር ዛሬ በየቤታችሁ አለ ብል ታምኑኛላችሁን? በ1915 ሚያዝያ 22 ቀን ጀርመኖች በቤልጅክ አገር በኢፕር አጠገብ ክሎር የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ በነፋስ ለቀቁት፤ ሰዎችም ሳንባቸው እየተቃጠለ አለቁ። በዚያው ዓመት ደግሞ ካሬል የሚባለው ፈረንሳዊ ቀዳጅ ሐኪምና ዳኪን የሚባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ ከዚሁ ከክሎር የሚገኘውን ውሑድ በብዙ ውኃ አቅጥነው የወታደሮችን የመገለ ቁስል አጠቡበት። በዚህም ምክንያት እጅና እግራቸው ይቈረጥ የነበሩ ብዙ ሰዎች ዳኑ። አንዱ ክሎር በአንድ ዓመት ውስጥ ገደለም አዳነም።

ይኸው ውሑድ ነጭ ልብስ የምታነጡበት በረኪና ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የዳኪን ውኃ ከ100 እጅ ግማሽ እጅ ብቻ ሲኖረው፥ የቤት በረኪና ብዙ ጊዜ ወደ 5 እጅ ይጠጋል፤ ይኸውም 10 ጊዜ የበረታ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን አንብቦ በረኪና በቁስል ላይ እንዳያፈስ አደራ፤ ሥጋ ያቃጥላል። ሌላም ላስጠንቅቅ። በረኪናን ከአቼቶ፥ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋራ መደባለቅ፥ ያንኑ የኢፕርን ጋዝ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ መልቀቅ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ የቤት ሠራተኞች ሲያስሉና ዐይናቸው ሲያለቅስ «ጕንፋን ነው» ይባላል። ጕንፋን አይደለም። በሩን ከፍቶ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ይገባል።

«ሰውየውስ ተመለሰ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ እናትየው። ከታሪኩ ሁሉ ሲጠብቁት የነበረው ይህን ብቻ ኖሯል።

ተመልሷል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1929 ድረስ በመካከላችን ኖረ። ስለ አገራችን ያየውንና የሰማውን በሦስት መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጀመሪያው በ1921፥ ሁለተኛው በ1922፥ ሦስተኛው በ1929 ታተመ። በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ የጻፋት አገሩ በ1918 ግንቦት ነፃነቷን ዐውጃ፥ በ1921 የካቲት የመስኮብ ቀይ ጦር ገብቶ መልሶ ወሰዳት። ዳግመኛ ነፃ የወጣችው በ1991 ነው፤ እሱ ግን ይህን አላየም፤ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቈይ በ1930 ዐርፏል።

ቡናው ሁለተኛው ደርሶ ነበር። እናትየው ብልቃጧን እያገላበጡ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፥ «እንግዲያስ ክሱን ተወው፤ ለልጄ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አሉኝ።

የጻፍነውን ሙሉውን እዚህ ማውጣት አይገባኝም፤ የእናትና የልጅ ነው። አንዱን ክፍል ግን በፈቃዳቸው አወጣዋለሁ። ልጁ ከመሄዱ በፊት በእሱ ቦታ ለሚተካው ሰው የእናቱን መድኃኒት ነገር እንዲያስረክብ፥ ለእሳቸውም የአያያዙን ሥርዓት በጽሑፍ እንዲልክ ጠየቁት። መልሱ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። ሰመራ በበጋም በክረምትም ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባው ዕቃ ብዙው በዚያው በኩል፥ በሚሌና በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። ስለዚህ የዚያ ልጅ ምክር በመጽሐፍ የተገኘ ብቻ ሳይሆን በላብ የተፈተነ ነው። በቃሉ እንዲህ ባይልም ፍሬ ነገሩ ይህ ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ቦታ ይቀመጣል። በረዶ ከሚያረጋው ከማቀዝቀዣው ላይኛ ክፍል ግን አይገባም፤ አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን መልኩ ባይለወጥም ኀይሉ ጠፍቷልና መጣል አለበት። ጠርቶ መታየት የሚገባው ከደፈረሰ አይወጉትም። በተፈጥሮው ነጭ የሆነውም በእጅ መካከል ሲንከባለል እኩል ካልተዋሐደና ጕልጕል ከሠራ አይወጉትም። በመስኮት፥ በቆርቆሮ ሥር፥ በመኪና ፊት ለፊት መስተዋት ላይ አይተዉትም። መብራት የሌለው ወይም የሚጠፋበት ቤት ደግሞ የሸክላ ማሰሮ ይጠቅመዋል። ትንሹ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው አሸዋ ተሞልቶ ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥና አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር መሆን አለበት። የዚህ በረሓ አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃው ቶሎ እየተነነ ሸክላውን ያቀዘቅዘዋል፤ አባቶቻችን የውኃ እንስራን ያበረዱበት ብልኀት ነው። እንዲህ ያለው ማሰሮ የማቀዝቀዣን ያህል አያበርድም፤ የተከፈተችውን ብልቃጥ ግን እስከ አራት ሳምንት ከሙቀት ይከላከላታል። ከዚያ በላይ የቈየችውን መጣል ነው፥ ብታሳዝንም።

ደብዳቤውን ለእናትየው ባነበብሁላቸው ጊዜ ስለ ማሰሮው የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ልጁ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ የሚሄድበትን ቀን ጽፎ ነበር፤ ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ሰሙት። የደብዳቤ ዋጋ ልክፈል ብለው ከመቀነታቸው ጫፍ ብር ሲፈቱ እንቢ ብላቸው፥ ተቈጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውት ወጡ። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ከጣቢያው ማዶ ከሸክላ ሻጮቹ መካከል ቆመው፥ አንዱን ማሰሮ በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ሲያዳምጡ አየኋቸው።